ሰማንያ መቁጠር ላቃተው «ታዛዥ»

ለተከበራችሁ የ«ታዛዥ» የስልክ መተግበሪያ ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁ የሰላም፣ የስልካችሁም ባትሪ ሁልጊዜ የሞላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ካሳነሽ እባላለሁ፤ አቡዳቢ፣ አል ባጢን ባለ አንድ ቪላ ውስጥ ሞግዚት ነኝ። መተግበሪያችሁን የጫነልኝ የቤቱ ሾፌር ሳሚ ሲሆን፣ «የምትፈልጊውን ብቻ ጻፊለት፣ እሱ ያስታውስሻል» ብሎ አሞግሷችሁ ስለነበር እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ቅሬታዬን ክብራችሁን በማይነካ መልኩ በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር ላይ እንደምትቸገሩ ባውቅም።

አንደኛ፦ «ሽንኩርት መግዛት አስታውሰኝ» ብዬ ስጽፍለት፣ ታዛዣችሁ ያለሁበትን ቦታ፣ የማውቃቸውን ሰዎች ስልክና ፎቶዎቼን ለማየት ፈቃድ ጠየቀኝ። ለሽንኩርት! ቪዛዬን ያወጣልኝ ካፊሌ እንኳ ሲቀጥረኝ ይህን ያህል አልመረመረኝም።

ሁለተኛ፦ አል አይን የምትኖረው ታናሽ እህቴ ምሕረት ዓርብ ዕለት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ የክርስትና እናቷም እኔ እንድሆን ተስማማን። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሣ ባታውቁ አልፈርድባችሁም። ስለዚህ በዚያው ዕለት «የአል አይኗ ሕፃን ዛሬ ተወለደች፤ ሰማንያኛ ቀኗን አስታውሰኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ታዛዣችሁም ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ «ሰኞ ይውላል፣ መዝግቤያለሁ» አለኝ፤ እኔ ሞኟ አመንኩት። እኛ ቤት ግን የተወለደችበት ቀን አንድ ተብሎ ነው የሚጀመረው፤ እናንተ ማግስቱን አንድ አላችሁ። የሕፃኗን የመጀመሪያ ቀን ምን አደረጋችሁት? እናቷ ስታምጥ የዋለችበት ቀን እኮ ነው።

ሦስተኛ፦ ገና ፈቃድ ሳልጠይቅ ማዳም «ሰኞ አል አይን ምን አለሽ?» ስትለኝ ክው አልኩ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩማ! ለካ ሳሚ መተግበሪያውን በማዳም አካውንት ከፍቶት ኖሯል፤ የእኔ ጉዳይ ሁሉ ማንም ሳያዛችሁ ወደ ዓረብኛ ተተርጉሞ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ታብሌት ይነበብ ነበር። ስለ ትርጉሙ ድካማችሁ አመሰግናለሁ። ሆኖም የማዳምን የፀጉር ቤት ቀጠሮ በደቂቃ የማይስት፣ የትንሿን ለይላን የዋና ትምህርት አንድም ቀን ያላሳለፈ ታዛዥ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ብቻ ቁጥር የሚጠፋበት ምክንያት ምን እንደሆነ ብጠረጥር ትቀየሙኛላችሁ?

ቅዳሜ ምሕረት ደውላ ነገ ስንት ሰዓት እንደምደርስ ጠየቀችኝ። በጣቴ ብቆጥር ለካ ሰማንያው እሁድ ነው። ማዳምን ለመንኳት፤ እሷ ግን እሁድ እንግዶች ስለነበሩባት ታብሌቱን በጣቷ አሳየችኝና «ሰኞ ብለሻል፣ ሰኞ ሰጥቼሻለሁ፣ ኸላስ» አለች። የሕፃኗን ነጭ ቀሚስና ማተብ ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። እሁድ ጠዋት እኔ ለእንግዶቹ ሩዝ ሳጥብ፣ የምሕረት ጎረቤት ብዙነሽ በእኔ ቦታ ሕፃኗን ታቅፋ ክርስትና አስነሣቻት። ብዙነሽ መልካም ሴት ናት፤ አልቀየምኳትም። ግን ክርስትና ሁለት ጊዜ አይነሡም፤ እኔም ሩዙ ላይ አለቀስኩ።

ያም ሆኖ ትጋታችሁን አልክድም፤ ሰኞ ጠዋት ታዛዣችሁ ደስ በሚል ዜማ «ዛሬ ነው!» ብሎ በሰዓቱ አስታውሶኛል። እኔም እንደ ማንኛውም ጠያቂ አል አይን ሄጄ፣ ቀሚሱን አስረክቤ፣ ሕፃኗን ስሜ ተመለስኩ።

ሽንኩርቷንም፣ ዘመዶቿንም፣ የት እንዳለችም አጣርታችሁ የምታውቁላት፣
እጅግ አክባሪያችሁ፣
ካሳነሽ
(አድራሻዬን አልጽፍም፤ እናንተው ጋ አለ።)

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ያንን ማስታወሻ «ሰርዝ» ብዬ ባዘው፣ ታዛዣችሁ «እርግጠኛ ነዎት? አንዴ ከጠፋ አይመለስም» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ያን ዓርብ እንዲህ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የክርስትና ልጅ ነበረችኝ።