ሰባተኛ ያደረገን ቅዳሜ

ከድርዬ፣

ከተለየኸኝ አራት ወር ከሃያ ቀን ሆነ። አራት ወር ከአስር ቀኑን ዒዳ፣ ያንተን ሐዘን፣ ቤት ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት፤ መውጣት የለ፣ ኩል የለ፣ ሽቶ የለ። ቀኑን ስትቆጥርልኝ የነበረችው ልጃችን ሀያት ናት፤ እኔስ መቁጠሩ ራሱ ከብዶኝ ትቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ቀናት ግን፣ አንተ ብትኖር ኖሮ ምግብ የምትረሳበት ነገር ገጠመን። ለሌላ ሰው ባወራው ግማሹ አይገባውም። ላንተ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሀያት ሱቁን ካንተም ከእኔም በተሻለ ይዛዋለች። ፍሪጁን ከጥግ አውጥታ በሩ አጠገብ አቆመችው፤ አንተ ስንት ዓመት "አይሆንም፣ ፀሐይ ይመታዋል" ስትል የኖርክበትን ቦታ። ፀሐይ አልመታውም። ከፊታችን ያለውን መንገድ ለቧንቧ ቆፍረው ሁለት ሳምንት በሳንቃ ስንሻገር ከርመን አሁን ደፍነውታል። ልብሶችህን ሀና ማርያም ላለው ወንድምህ ሰጠሁት። ሱሪዎቹ ስለረዘሙበት ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ሁሉንም አሳጠራቸው። አንዱን ለብሶ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አንተን ከጉልበትህ ቆርጠው ያሳጠሩህ መሰለኝና ሳቅ አመለጠኝ። ካንተ በኋላ የመጀመሪያ ሳቄ እሱ ነው።

ታስታውሳለህ፣ ኮሌጁ ከጓሯችን ጀርባ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲያሰራ ከሁሉ በፊት የተናደድከው አንተ ነበርክ። "እንግዲህ ድብ ድብ ሲል ሊውል ነው" እያልክ ከረምክ። ኳሷ አጥር ዘልላ አዲሶቹን የሻይ ብርጭቆዎቼን የፈጀች ዕለት፣ በብብትህ ይዘሃት "ዛሬስ አሳያቸዋለሁ" ብለህ ወጣህ። የቀትሩን ዙህር ሰግደህ የወጣህ ሰው ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ተመለስክ። ኳሷም የለች፣ ቁጣውም የለ። "ዘይነባ፣ አንዱ ልጅ ከመሃል ሜዳ ወርውሮ አገባ እኮ!" ነው ያልከኝ። ስለ ብርጭቆዎቼ ስጠይቅህ "የምን ብርጭቆ?" አልከኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ባል አልነበረኝም። የቡድኑ ኳሶች እኛ ሱቅ ያድራሉ፤ ልጆቹ ከልምምድ ሲወጡ ውሃ የሚጠጡት እኛ ጋ ነው፤ አንተን "ፋዘር" እኔን "ማዘር" ማለትም ጀመሩ። ከሱቁ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ደግሞ ጡረተኛው ጋሽ ተፈራና ፀጉር ቤት ያላት ሜሮን ካንተ ጋር ስለ ነጥብ ሲጨቃጨቁ፣ ከሩቅ ለሰማ ሰው የአባታቸውን መሬት የሚካፈሉ ወንድምና እህት ነው የሚመስሉት። እውነቱን ልንገርህ፣ እቀና ነበር። ስንት ጊዜ "ነይ፣ አንድ ቀን እይው" አልከኝ? አንድም ቀን አልመጣሁም። "ሥራ ፈቶች" እያልኩ ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር። አሁን ይቆጨኛል።

ዒዳ ላይ ሳለሁ ግን ሌላ ሆነ። ሱቁን ከመኝታ ቤታችን የሚለየው ግድግዳ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ታውቃለህ። መጀመሪያ ሰሞን ለእኔ ብለው ድምፃቸውን አጥፍተው ነበር የሚቀመጡት። አንድ ቀን ጋሽ ተፈራ "ከድር ቢኖር ዝም በሉ አይለንም ነበር" አሉና ጭቅጭቁን እንደገና ከፈቱት። እኔም ሳላስበው ጆሮዬን አቆም ጀመር። ያሸነፈ ሁለት ነጥብ፣ ተሸንፎ የወጣ አንድ፣ ጭራሽ ሜዳ ያልቀረበ ባዶ። ስምንት ኮሌጆች ወደ ማጠቃለያው ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፤ አንደኛው ስምንተኛውን ያገኛል፣ ሁለተኛው ሰባተኛውን፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በግድግዳ በኩል ተማርኩት።

ዒዳዬን ጨርሼ ማክሰኞ ጠዋት ሱቅ ስወጣ የመጨረሻው ደረጃ ወጥቶ አገኘሁት። የኛዎቹ ሰባተኛ! አግዳሚው ላይ እሳት ይነዳል።

"ይሄ ቡድን ሰባተኛ ነው? በሕግ አምላክ!" ትላለች ሜሮን። "ከበላያችን ካሉት አራቱን አሸንፈናል። ያቺ ፎርፌ ናት ጉድ የሠራችን። ሃያ ለዜሮ፣ ያውም ሳንጫወት!"

ጋሽ ተፈራ በዓይናቸው ጠቀሷት፤ አላየቻቸውም።

"የምን ፎርፌ?" አልኩ።

ሜሮን አንገቷን ደፋች። ሀያት እንኳ መደርደሪያውን እንደማስተካከል ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

የነገሩኝ ጋሽ ተፈራ ናቸው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። አንተ ያረፍክበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ንጋት ላይ ሄድክብኝ፣ ዙህር ላይ ተሰገደብህ፣ ከዚያ ወደ ኮልፌ መካነ መቃብር ወሰዱህ። እኔ ቤት ውስጥ ሴቶች መሃል ስለነበርኩ ማን እንደተሸከመህ፣ ማን አፈር እንደመለሰብህ አላየሁም። ለካ ልጆቹ በዚያው ቀን በስምንት ሰዓት ከብስራተ ገብርኤሎቹ ኮሌጅ ጋር ጨዋታ ነበራቸው። ጨዋታውን ለማዛወር ጊዜው አልበቃም። ማሊያቸውን ከውስጥ እንደለበሱ ጃኬት ደርበው አውቶቡሳቸው ላይ ወጡና ሹፌሩን ኮልፌ ንዳው አሉት። አሥራ ሁለቱም፣ አሰልጣኙም። ቃሬዛህን ሲቀባበሉ የነበሩት እነሱ ናቸው። ብስራተ ገብርኤል ሜዳ ላይ ዳኛው ጠብቆ ጠብቆ ፊሽካውን ሲነፋ፣ የኛዎቹ አፈር እየመለሱብህ ነበር።

አራት ወር ሙሉ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ሐዘን ላይ ሐዘን እንዳይሆንብኝ ብለው። ከድርዬ፣ በአንድ በኩል ደረቴ ሞላ። በሌላ በኩል ደግሞ አንተ እንደዚያ ስትለፋለት የነበረውን ቡድን ያንተው ቀብር ወደ ታች እንደጎተተው ሳስብ፣ የማላውቀው ጥፋተኝነት ያዘኝ።

ሜሮን መፍትሔውን ይዛ ነው የመጣችው። ከቡድኑ አባል አንዱ ቢሞት ጨዋታ ይዛወራል የሚል ደንብ አለ። "ፋዘር የቡድኑ ቁሳቁስ ኃላፊ ነበር ብሎ ኮሌጁ ይጽፋል፣ ማዘር ደግሞ ልክ ነው ብላ ትፈርማለች። ፎርፌዋ ተሰርዛ ጨዋታው ይደገማል፤ ካሸነፍን ሦስተኛ ነን። እስከ ሐሙስ ቅሬታ ይቀበላሉ" አለችኝ።

"ስሙ የትም ያልተጻፈ ኃላፊ?" አሉ ጋሽ ተፈራ። "እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ከሩቅ ይሸተኛል።"

"ኳሶቹ የት ነበር የሚያድሩት? እዚህ! ታዲያ ቁሳቁስ ኃላፊ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ዝም ብለን ሰባተኛ ከሆንንኮ በመጀመሪያው ዙር የምናገኘው ሁለተኛውን ነው። ሁለተኛው ማነው? ብስራተ ገብርኤል! በኛው ፎርፌ ሁለተኛ የሆኑት! ከተሸነፍን ዓመቱ እዚያው አለቀ።"

የምፈርምበትን ወረቀት ከሜሮን ተቀብዬ ገባሁ። አልዋሽህም፣ ብዕርም አንስቼ ነበር። "የቁሳቁስ ኃላፊ አቶ ከድር" ሲልህ ወረቀቱ ደስ አለኝ፤ አንተም ብታየው ሳቅህ አይቆምም ነበር። ግን አንድ ጊዜ ዳኛው ለኛ ያልገባ ኳስ ሲቆጥር ከደጋፊው መሃል ተነስተህ "ኧረ አልገባም!" ብለህ እንደጮህክ ያወራኸኝ ትዝ አለኝ። ሜሮን ሳምንት ሙሉ አኩርፋህ ነበር። ብዕሩን አስቀመጥኩት።

ረቡዕ ከሰዓት አምበሉ ዳዊት ውሃ ሊገዛ መጣ። ያ ቀጭኑ፣ ግራኙ። አስቀመጥኩትና "ልፈርም ወይ?" አልኩት።

የውሃውን ጠርሙስ ክዳን መልሶ ገጠመ። "ማዘር፣ ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ እጅ አውጥተን ነው የወሰንነው። አሰልጣኙ 'ከቀራችሁ ባዶ ነው፣ ሃያ ለዜሮ ነው፣ በኋላ እንዳታለቅሱ' አለን። አውቀነው ነው የሄድነው። አሁን መልሱልን ካልን ፋዘርን ምኑን ሸኘነው?" አለኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። "ደግሞ እነሱን መግጠም እንፈልጋለን።"

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን ሳልፈርምበት ለሜሮን መለስኩላት። "ከድር ደጋፊ ነበር። ደጋፊ መሆኑ ምን አነሰው?" አልኳት። ፊቷን አዞረች። ጋሽ ተፈራ ግን ከአግዳሚው ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና ተቀመጥኩ።

"ደግሞስ" አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ሦስተኛ ብንሆን ስድስተኛውን ነበር የምናገኘው። ስድስተኛ የሚሆኑት እነዚያ ዘንድሮ ሁለቴ ያሸነፉን ናቸው። ብስራተ ገብርኤሎቹ አጭር ተከላካይ ነው ያላቸው፤ ለኛ ይሻሉናል።"

ሜሮን አፏን ከፍታ ዞረች። "ማዘር! ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?"

"ከግድግዳው" አልኳት። ኩርፊያዋ እዚያው አለቀ።

ቅዳሜ ሱቁን ዘግተን ሄድን። ከላፍቶ በሚኒባስ፣ እኔ፣ ሀያት፣ ሜሮን፣ ጋሽ ተፈራ። ሁለተኛ የሆነው ቡድን በሜዳው ስለሚጫወት የነሱ ደጋፊ ግቢውን ሞልቶታል። እኛ ጥግ ላይ አንዲት ረድፍ ነበርን። እረፍት ሲወጡ በአሥራ አንድ ነጥብ እየመሩን ነው። ጋሽ ተፈራ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ሜሮን "ብትፈርሚ ኖሮ" ልትለኝ አስባ እንደተወችው ከፊቷ አነበብኩ።

ከዚያ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ልነግርህ አልችልም፤ ግማሹን በጨርቄ ፊቴን ሸፍኜ ነው ያሳለፍኩት። ልጆቹ መከላከሉን አጠበቁ። ያ አጭሩ ልጅ፣ አንተ "ጥንቸል" የምትለው፣ ሁለት ኳስ ነጥቆ ብቻውን ሮጦ አገባ። ዳዊት ከሩቅ ባለ ሦስቱን ሲያስቆጥር ሳላውቀው ቆሜያለሁ፤ የማላውቃትን ሴት ትከሻ ይዤ እጮሃለሁ። ጥቂት ሴኮንድ ሲቀር በሁለት ነጥብ መራን። የመጨረሻዋ ውርወራ የነሱ ነበረች። ኳሷ ቀለበቱ ላይ ዞረች፣ እንደገና ዞረች፣ ከዚያ ወደ ውጭ ወደቀች። ሀያት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጋሽ ተፈራ፣ የሚታመን አይደለም፣ ኮፍያቸውን ወደ ላይ ወረወሩት፤ እስካሁን አልተገኘም።

ሰው ሲበተን የነሱ አምበል ወደኛ ረድፍ መጣ። ረጅም ልጅ ነው፣ ላቡ ገና አልደረቀም። አንድ ሰው ነግሮት ነው። ፊቴ በርከክ ብሎ "እናቴ፣ አላህ ያጽናዎት" አለኝ። "ያን ቀን ለምን እንደቀሩ አላወቅንም። ፎርፌ ሲባል እዚሁ ሜዳ ላይ ጨፍረን ነበር። ይቅር በሉን።"

ራሱን ዳሰስኩት። "ምን አጠፋችሁ፣ ልጄ። ጨዋታውን ይኸው ተጫወታችሁት" አልኩት። ከዚያ አለቀስኩ። በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳላፍር። ያንተን ለቅሶ ስሸከመው ቆይቼ ያን ቀን የቀለለኝ መሰለኝ።

ትናንት ግማሽ ፍጻሜው ላይ ተሸነፍን። በሰፊ ልዩነት ነው፣ ሰበብ የለውም፤ ሜሮን ግን አራት ሰበብ አላት። እኔና ጋሽ ተፈራ ዛሬ ጠዋት ስለሚመጣው ዓመት ተጣልተናል። እሳቸው ዳዊት ከተመረቀ ቡድኑ ይወድቃል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ጥንቸሉ ኳሱን ይይዘዋል ባይ ነኝ። ሀያት በመስከረም እዚያው ኮሌጅ ትመዘገባለች፣ ኢንሻአላህ። የሴቶች ቡድን እናቋቁማለን እያሉ ከሜሮን ጋር ስም ሲመዘግቡ ሰንብተዋል፤ እስካሁን ሰባት ሴቶች አግኝተዋል። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ስትወረውር አያታለሁ። አብዛኛውን ትስታለች፤ ግን አንስታ ትወረውራለች።

ከድርዬ፣ አላህ ቀብርህን ኑር፣ ብርሃን ያድርግልህ። ከሰላቴ በኋላ ስምህን ሳልጠራ አልነሳም። ሌላም ቃል ልግባልህ። አንድ ቀን የሀያት ልጅ ጭኔ ላይ ተቀምጦ "አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ቢለኝ፣ ሀብትህን ወይም ሥራህን አልቆጥርለትም። አሥራ ሁለት ልጆች ባዶ ነጥብ እንደሚያገኙ እያወቁ፣ ማሊያቸውን ከጃኬት በታች ለብሰው ትከሻቸው ላይ የተሸከሙት ሰው ነው እለዋለሁ። እስኪገባው ድረስም ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

ያንተዋ ዘይነባ