የስኮትላንዷ ልጅ መልስ

ለእህቴ ለዋሲላ፣ ባሕር ዳር

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ፣ ሙቀቱስ በረደልሽ? እኛ ዳንግላዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የጎደልሽን አንቺ ብቻ ነሽ። ስልኩ ሁልጊዜ አባባ ኪስ ስለሆነ ነው የጻፍኩልሽ።

ጓደኛዬ ሲሀም ወደ አማርኛ የተተረጎመ የፍቅር መጽሐፍ ከእንጅባራ አመጣችልኝ። ታሪኩ የድሮ ስኮትላንድ ነው። እንደኛው ደጋ ነው፤ ጭጋግና በግ አለው። ወንዶቹ ግን ጉርድ ቀሚስ ይለብሳሉ! ለእማ ብነግራት “ታዲያ ሱሪውን ሴቶቹ ታጠቁት?” ብላ ሳቀች።

የገረመኝ ጋብቻቸው ነው። ሙሽራይቱ በምስክር ፊት በራሷ አፍ “እሺ” ማለት አለባት። እንደኛ “ዝም ካለች ወዳለች” አይባልም። ባለታሪኳ ልጅ እንደኔ ዓይነ አፋር ናት፤ አባቷ ለሌላ ጎሳ አለቃ ሊድራት ሲል ግን በሰው ሁሉ ፊት “አልፈልግም” አለች። ድምጿ እንዴት ወጣላት?

የአዘናው እህል ነጋዴ ሐጂ ሸዕባን ሽማግሌ ይዘው አባባ ሱቅ መጥተው ነበር። ስለ ልጃቸው ስለ ሙእሚን ብዙ አወሩ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤት ይመጣሉ። እማ አዲስ ቀሚስ አሰፋችልኝ። አክስታችን አፊያም “የኛ ልጅ መች ታስቸግራለች፣ ድምጿን ሰምተን አናውቅ” እያለች ታመሰግነኛለች።

ልጅቷ የተናገረችበትን ገጽ ጓዳ ገብቼ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ትናንት እማ “ከማን ጋር ትጣያለሽ?” አለችኝ። “እያነበብኩ ነው” አልኳት።

ዋስዬ፣ ዓርብ እንግዶቹ ሳይሄዱ ለአባባ ደውዪለት። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ክፍት ያድርገውና “ሙፊዳ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?” ብለሽ ጠይቂኝ። ከጠየቅሽኝ ዝም አልልም።

አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ታናሽሽ ሙፊዳ