እቴቴ ያልተነሱለት ስም

ይድረስ ለተከበሩ፣ ለተፈሩ፣ በበራቸውም ላይ «ሳያንኳኩ አይግቡ» ተብሎ ለተለጠፈላቸው፣ ለጤና ጣቢያችን የካርድ ክፍል ኃላፊ ለአቶ አለምነው
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልን? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ሰሞኑን ሥራ የበዛበት ጉሮሮዎ እንዴት ነው? እኔ በእርስዎ ትእዛዝ ከጤና ጣቢያው ግቢ ድርሽ እንዳልል ከመከልከሌ በቀር፣ አላህም እግዚአብሔርም ይመስገኑ፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሚኒባሳችን የኋላ መስታወት ላይ የለጠፍኩትም ስለዚሁ ነው፤ እኔ ባልገባ እንኳ ደብዳቤው በደጅዎ ሲመላለስ ይውላል።

ስሜ ይሄነው በላይ ይባላል። ከመካነ ሰላም አቀስታ የምሮጥ ረዳት ነኝ። ትምህርትን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተወው ይሉኛል፤ ሐቁ ግን እሱ ነው የተወኝ። ስለዚህ በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ እንደ ታላቅ ወንድም ይለፉኝ። ከዚህ በታች በቁጥር የዘረዘርኩት ነገር ለክፉ ዓይን ቅሬታ ቢመስልም፣ ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ የዓይን ሐኪሞች የዓይን ሞራ በነጻ ሊገፍፉልን መጥተው ድንኳን በጣሉ ሰሞን፣ እርስዎም ያንን በእጅ የሚያዝ ማይክራፎን ይዘው ብቅ ስላሉ እናመሰግናለን። ድሮ ስም ጠሪው በር ላይ ቆሞ «እማማ፣ ቀስ ብለው ይነሱ፣ በዚህ በኩል ነው» ሲል ስንት ጊዜ ይባክን ነበር! አሁን «አንተ፣ ና! አንቺ፣ ነይ!» ብቻ ሆነና ነገሩ ቀለለ። የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌዎች በአንድ ቃል ወደ ልጅነታቸው ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሐኪሞቹም ዘንድ የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ እቴቴ። አላውቃቸውም እንዳይሉኝ፣ በገበያ ቀን ፊታቸው ጎንበስ ብለው «እቴቴ እንዴት አደሩ፣ የባናዬ ፈትል አለቀልኝ?» ሲሉ ከጎንዎ ቆሜ ሰምቻለሁ። ለማያውቃቸው መንገደኛ ግን ልንገር፤ እቴቴ ለባና፣ ለዚያ ለሱፍ ብርድ ልብሳችን፣ የበግ ጠጉር እየፈተሉ የሚኖሩ የሰፈራችን እናት ናቸው። ሞራው ዓይናቸውን ከጋረደው ወዲህ ጥቁሩን ጠጉር ከነጩ መለየት ተስኗቸው «ልጄ፣ ይሄ የቱ ነው?» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃሉ። እኔም ለጨዋታ ያህል ነጩን ጥቁር እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም በእንዝርቱ አናቴን ያገኙታል። ለዚያ ዓይን አያስፈልጋቸውም። ለፈትሉ ግን ያስፈልጋቸዋል፤ እንጀራቸው እሱ ነው።

ትናንት ገና ሳይነጋ አምጥቼ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ አስቀመጥኳቸውና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ረፋዱ ላይ ማይክራፎንዎ ከቢሮዎ መስኮት «ሀዲያ! ሀዲያ ያሲን! አንቺ ሀዲያ!» እያለ ግቢውን አናወጠው አሉ። ሀዲያ ያሲን እቴቴ ናቸው። ነገር ግን እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ በዚያ በባዶ ስም የጠራቸው ሰው የለም፤ ባላቸው እንኳ ነፍሳቸውን ይማርና «የልጆቼ እናት» እያሉ ነው የኖሩት። ታዲያ እቴቴ ምን አደረጉ መሰለዎት? አዘኑ። አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሐረግን «ይቺ ሀዲያ የሚሏት ልጅ የት ገብታ ነው? እስከነአባቷ ሞክሼዬ ናት፣ ተራዋ ሊያልፋት ነው፣ እስቲ ተነሺና ፈልጊያት» አሏት። ሐረግ የዋህ ናት፤ ከሽንት ቤቱ እስከ ድንኳኑ ጀርባ ስትፈልግ ቆየች። እቴቴም በተቀመጡበት እጃቸውን ዘርግተው «ያረቢ፣ ለይቺ ልጅ አግራላት፣ መንገዷን ቀና አድርግላት» ብለው ዱዓ አደረጉላት። ልጅቱ አልተገኘችም። እርስዎም ሰረዟት።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰጡኝ መልስ። ማምሻውን ልወስዳቸው ስመጣ እዚያው ወንበር ላይ አገኘኋቸውና፣ የሆነውን ከሐረግ ሰምቼ ወደ ቢሮዎ ገባሁ፤ አንኳኩቼ ነው የገባሁት። «ስሙ ተጠርቶ ያልተነሳ ተራው አልፏል፤ መመሪያ ነው» አሉኝ። እቴቴ ተብለው ቢጠሩ ኖሮ ይነሱ ነበር ብል፣ «ኮምፒዩተሩ ማዕረግ አይቀበልም» አሉኝ። እኔም ገባኝ ብዬ «እሺ አለምነው» አልኩና ልወጣ ስል፣ ጠረጴዛውን መትተው «አቶ በል! ኃላፊ በል! አብረን ኳስ ተራግጠናል?» ብለው ጮኹብኝ። ማዕረግ በመቀበል በኩል ከኮምፒዩተሩ እርስዎ እጅግ የተሻሉ መሆንዎን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት።

አራተኛ፣ እኔም ጻድቅ አይደለሁም። የረዳት አፍ ምን እንደሚመስል አገር ያውቀዋል። በር ላይ ተንጠልጥዬ አንዷን ባልቴት «ማዘር፣ ጠጋ በይ» ብዬ በከዘራ ተመትቻለሁ፤ እብጠቱ ገና አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ «እማማ፣ ጠጋ ይበሉልኝ» ነው የምለው። ምን ልበልዎ፣ እኔ የምናገረው ሰው ከዘራው በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው ያለው። የእርስዎ ማይክራፎን ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የከዘራን ርቀት ያሻግራል።

ቁጥሩን ስንተኛ ላይ እንዳደረስኩት ስለጠፋኝ ወደ ዛሬው ልለፍ። ቀትር ላይ የዕለቱን ስም ጠርተው ጨርሰው፣ ማይክራፎኑን መስኮቱ ላይ ጥለው፣ ከአጥሩ ማዶ ሄለን ሻይ ቤት ገቡ። የወደቀ ዕቃ አንስቶ ለባለቤቱ ማስረከብ ደግ ነው። አነሳሁትና ባለቤቱን ጠራሁ፤ እንደ መመሪያዎ፣ ያለ አቶ፣ ያለ ኃላፊ፣ «አለምነው! አንተ አለምነው! ና!» አልኩ። ደጋገምኩት። ሄለን እንደነገረችኝ እርስዎ ሻይዎን እፍ እያሉ «ይሄ ደግሞ የማን ጎረምሳ ነው፣ ይሄን ያህል ሲጠራ የማይነሳ?» አሏት፤ ከወንበርዎም ፈቀቅ አላሉም። ጆሮዎ ደህና ነው፣ ክቡር ሆይ። የእቴቴም ጆሮ ደህና ነው።

መመሪያ መመሪያ ነውና «አለምነው ተጠርቶ አልቀረበም፤ ተራው አልፏል፤ ለሚቀጥለው ዙር ይምጣ» ብዬ አስታወቅኩ። ዓይናቸው ታሽጎ የተኙት ሳይቀሩ ስቀው፣ ሐኪሞቹ ዓይናችሁን ጠብቁ እያሉ ሲለምኗቸው ነበር። ዘበኛው ፋሩቅም ሥራው ነውና አባረረኝ፤ ሳቁ ግን ጉልበት ስለነሳው አልደረሰብኝም።

አሁን ጨዋታው ይቅርና፣ ክቡር ሆይ፣ ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ሐኪሞቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ከሄዱ መቼ እንደሚመለሱ እርስዎም እኔም አናውቅም። እቴቴ ዛሬም ከጧት እስከ ማታ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ነገም ይመጣሉ፤ ተራቸው ገና ያልደረሰ ነው የሚመስላቸው። ዛሬ ማታ «አብሽር ልጄ፣ የእኔ ይደርሳል፤ እኔን ያሳዘነችኝ ያቺ ሀዲያ ናት» አሉኝ። «እቴቴ፣ ያቺ ሀዲያ እርስዎ ነዎት» ብዬ አልነገርኳቸውም። የሚያስቅ ነገር ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ ይሄን ግን አፌ እምቢ አለኝ። እንግዲህ የምለምንዎ፣ መመሪያዎን እንዲጥሱ ሳይሆን፣ በገበያ ቀን የሚሉትን ያችኑ ቃል ነገ ጧት ከግቢው ውስጥ አንዴ እንዲሏት ብቻ ነው። በሌላ ቃል አይነሱም።

ይህን ስጽፍ ለማዕረግዎ ሦስት ጊዜ እጅ ነስቼ፣ የበርዎን እጀታ በሩቁ ተሳልሜ፣ የፈትሉ ባና ደርሶልዎ ሞቅ ብሎዎት እንዲተኙ እየተመኘሁ ነው።

ማዕረግ የሌለው፣ እንዴትም ቢጠሩት የሚነሳው፣
ይሄነው በላይ፣ ረዳት

ግልባጭ፦ ለሄለን ሻይ ቤት፤ ለበግ ጠጉር ነጋዴዎች፤ ወደ አቀስታ ለሚሄዱ ተሳፋሪዎች በሙሉ

ማሳሰቢያ፦ ነገ ጧት በከንቱ እንዳይቸገሩ አስቀድሜ ላሳውቅዎ፤ የማይክራፎኑ ባትሪ ድንጋይ በስህተት ኪሴ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ስም ለመጥራት በእግርዎ መውጣት ግድ ይሆንብዎታል። እቴቴ የት እንዳሉ ይጠፋዎታል ብዬ አልሰጋም፤ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ናቸው፣ እንዝርታቸውን ይዘው። ፊታቸው ቆመው «አንቺ ሀዲያ» ማለት ከሆነልዎ፣ ድንጋዩን ከእግርዎ ሥር ተደፍቼ እመልሳለሁ። እርሳቸው አያዩዎትም። እርስዎ ግን ያዩዋቸዋል።