የእንግዳው ሽንት ቤት ቁልፍ ያዥ

የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ይቀመጡበት የነበረው ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ከዛሬ ጀምሮ ባዶ መሆኑን ቤተሰቡ በታላቅ ሐዘን ያስታውቃል። ወንበሩ ሲጢጥ ስለሚል ተተኪው ዘይት ይዘው ይምጡ።

የወንበሩ ባለቤት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው የአባታቸውን መጋዝ ተረከቡ። በ1972 ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። በ1994 የኮሚቴው ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ፤ የተመረጡትም ከስብሰባው ስለቀሩ ነው።

በዘመናቸው የሰፈሩ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሲሚንቶ አቡክቶ ለልጆቹ ሽንት ቤት ሠራ። ነጭ ሴራሚክ፣ መስታወት፣ የማያንጠባጥብ ቧንቧ ነበረው። በሩን ሟች በእጃቸው ሠሩ። በምረቃው ዕለት ግን ኮሚቴው «ልጆች ያበላሹታል፤ እንግዳ ቢመጣስ?» ብሎ ቆለፈው። ቁልፉ ከሟች አንገት ላይ ተንጠለጠለ። እንግዳ የሚባል ዝር አላለም።

ልጆቹ ወደ አሮጌው ጉድጓድ ተመለሱ። ወለሉ ጫማ ይዞ አይለቅም፤ ትሉ ግድግዳ ይወጣል፤ ሽታው ከመምህሩ ቀድሞ ክፍል ይገባል። ኮሚቴው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ስለ አጥሩ ቀለም ይከራከራል። ሟችም አብረው እጅ ያወጡ ነበር።

አምና የልጅ ልጃቸው ኩላሊቷን ታመመች። ሐኪሙ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትውል ውሃ እንደማትጠጣ ነገሯቸው። ሟች ተቆጡ፤ «ምን ነክቶሽ ነው?»

«ከጠጣሁ እዚያ መግባቴ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አትነግሪኝም?»

«አባባ፣ ቁልፉ እኮ አንገትህ ላይ ነው።»

በማግስቱ ሟች መፍቻቸውን ይዘው ወደ አዲሱ ሽንት ቤት ሄዱ። የውጪውን ቁልፍ ነቅለው፣ ከውስጥ ትንሽ እጅ እንዲደርስበት ዝቅ አድርገው መቀርቀሪያ ገጠሙ። ኮሚቴውም የኅብረተሰቡን ንብረት ያለ ውሳኔ ለኅብረተሰቡ ልጆች በመክፈታቸው ማብራሪያ ጠየቃቸው።

ሟች በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አሁን ውሃ እንደ ልቧ የምትጠጣ የልጅ ልጃቸውን ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ንጹሕ ከሆነና ለእንግዳ ተብሎ ካልተቆለፈ ስፍራ ያግባልን።

ከማረፋቸው በፊት የኮሚቴው ጸሐፊ አልጋቸው ድረስ መጥተው፣ «ጋሼ፣ ለቃለ ጉባኤው ያህል፣ ለምን እንዳደረጉት አንዲት ነገር ይበሉን» ብለው ለመኗቸው።

ሟች ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«አላብራራም» አሉ።