ባለ አስራ አንዷ እና የሰይድ ካራ

ቅዳሜ

ለወጥኩት! የባሌን የሰይድን ያንን አሮጌ ካራ፣ እጀታው ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረውን፣ ለልዋጩ ሰጠሁትና መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ እንደ መስታወት ፊት የምታሳይ ዕቃ ተቀበልኩ። ስትዘረጋ ፒንሳ ናት። ከሁለቱ እጀታዎቿ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሌላው እየተሳበ ይወጣል። ልዋጩ "ባለ አስራ አንድ" ነው የሚላት። አላመንኩም። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፦

ፒንሳ። የሽቦ መቁረጫ። ትልቅ ቢላዋ። ትንሽ ቢላዋ። መጋዝ። ሞረድ። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ። ባለ መስቀል ካቻቢቴ። የቆርቆሮ መክፈቻ። የጠርሙስ መክፈቻ። ወረንጦ።

ወረንጦ ሳይቀር! ማሻአላህ፣ ይህን ያሰበ ጭንቅላት።

የልዋጩ ምላስም ለብቻው ይደነቃል። "እትዬ፣ ይቺን የያዘ ቤት ጎረቤት አያስቸግርም" አለኝ። ልቤን አገኘው። ባሌ እኮ ፒንሳ ለመዋስ ሰፈሩን ሲዞር ነው የሚኖረው። ካራውንም ቢሆን ባነሳው ቁጥር "ዘንድሮስ ወስጄ ነው የምጥልህ" እያለ ይረግመዋል። እሱ ካልጣለው እኔ ጣልኩለት።

ለአረፋ ፍየል ሊገዛ ወደ አፋር በረሃ ከወረደ አራት ቀኑ ነው። መንገዱ ላይ ፍተሻ አለ ብሎ ካራውን ቤት ትቶት ሄደ። ሐሙስ ይገባል፣ አርብ በዓል ነው። ፊቱን ለማየት ቸኩያለሁ።

እሁድ

ባለ አስራ አንዷ ቤቱን ስታቀና ዋለች። የድስቱን ክዳን መያዣ አጠበቅኩ። የልብስ ማስጫውን ሽቦ ቆረጥኩ። ዓመት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ የኖረው የቁም ሳጥን እጀታ ዛሬ ዝም አለ። ጎረቤቴ ዘምዘም አጥር ላይ ተንጠልጥላ ስታይ ቆየችና "አንቺ፣ ይቺ ነገር እኮ ባል ትሆናለች!" አለች።

"ባልስ አይደለችም፣ ስጠራት ትመጣለች" አልኳት። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አንድ ነገር ብቻ። ባለ መስቀሉ ካቻቢቴ ሦስተኛው ብሎን ላይ እንደ ሻማ ጎበጠ። የቆቦ ሙቀት ነው ብዬ ጥላ ውስጥ አሳረፍኳት።

ሰኞ

ሙቀቱ አይደለም።

መጋዙ የደረቀ እንጨት ሲነካ ጥርሱ ረገፈ። ሞረዱ ጥፍሬን እንኳ አልሞረደም። የፒንሳው ማያያዣ ላልቶ አፏ እንደ ሽማግሌ ወደ ጎን ሄደ። ትልቁን ቢላዋ በቲማቲም ሞከርኩት፤ ጨመቀው እንጂ አልቆረጠውም። የሚገርመው ብልጭታዋ አልቀነሰም።

እዚህ ላይ ሳለሁ የሰይድ ታላቅ እህት እትዬ ራህመት ገባች። ገና ሳትቀመጥ "ካራው ተስሏል?" አለች።

"የትኛው ካራ?"

"የአባቴ ካራ ነዋ! ሰፈሩ የሚያርደው በምን ሊሆን ነው?"

የአባቷ! ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ከአባቱ የቀረ መሆኑን ሰይድ አንድ ቀንም አልነገረኝም። እትዬ ራህመት እንዳወራችኝ፣ አባታቸው ሲሞቱ ለእሷ ጊደር ደረሳት፣ ለወንድሞቿ መሬት። ሰይድ "እኔ ካራውን" ብሎ ሌላ አልጠየቀም። ይሄ ሁሉ እርግማን ፍቅር መሆኑን እኔ በምን ልወቅ?

እርዱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ስለቱ አንድ ጊዜ ሄዶ መጨረስ አለበት፤ እንስሳ ማሰቃየት ወንጀል ነው። በዚህ ቲማቲም ጨማቂ ሰይድን ፍየል ፊት ላቆመው ነው?

"ሊሳል ሄዷል" አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ ዋሸ።

ማክሰኞ

ልዋጩን ፍለጋ ቆቦን አዳረስኩ። መናኸሪያው አጠገብ ጥላ ስር ሳህኖቹን ሲደረድር አገኘሁት። የረገፈውን መጋዝ፣ የጎበጠውን ካቻቢቴ፣ ሁሉንም አፍንጫው ስር ዘረገፍኩለት።

"ይሄ ነው ባለ አስራ አንድህ?"

በእርጋታ አገላብጦ አየና "እትዬ፣ አስራ አንድ ነው ያልኩሽ፤ ጎደለ?" አለ።

"አልጎደለም።"

"ጠንካራ ነው ብዬሻለሁ?"

ወላሂ፣ እንደዚያ አላለም። ተናድጄም ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ምላስ ይዞ ሳህን መሸጡ ነው የሚያሳዝነው።

"ዕቃህን ውሰድ፣ አፈር ስሆን ካራዬን መልስልኝ" አልኩት። ይሄኔ ፊቱ ተለወጠ። እሁድ ዕለት የሰበሰበውን ብረት በሙሉ ሮቢት ላለ አንድ ቀጥቃጭ አራግፎለታል። "አያ ኃይሉ ይባላሉ። ፍጠኚ፣ በዓል ስለሆነ ብረቱን ሁሉ ቢላዋ እያደረጉት ነው" አለኝ።

ቀልጦ ይሆን?

ረቡዕ

አልቀለጠም! አልሃምዱሊላህ፣ አልቀለጠም!

በጠዋት ሚኒባስ ሮቢት ወረድኩ። አያ ኃይሉ ጢማቸው የነጣ፣ ክንዳቸው ግን የጎረምሳ የሆነ ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው ከአላማጣ ወዲያ የመጣ ነው፤ ሴቱን ሁሉ "ሐፍተይ" ይላሉ፣ እህቴ ማለታቸው ነው። ገና ስለ ካራው ስጀምር ከተቀመጡበት ስር ከጆንያ አወጡት። ከብረቱ ክምር ለይተው አስቀምጠውታል።

"ይሄንን መዶሻ አላሳርፍበትም። አባቴ የመታው ነው" አሉና እጀታው ስር ያሉትን ሦስት ነጥቦች አሳዩኝ። የአባታቸው ምልክት ናት። ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ ነጥቦቹን ግን አላየኋቸውም።

ካራው ከጭነት መኪና ባሌስትራ የተሠራ ነው አሉ። በጥፍራቸው መታ ሲያደርጉት እንደ ደወል ጮኸ። ቀጥሎ የእኔን ባለ አስራ አንድ ተቀብለው በጥፍራቸው መቱ። ቆርቆሮ፣ ድምፅ የለውም። አንድ በአንድ እያወጡ "ውሸት… ውሸት… ይሄም ውሸት…" እያሉ መጨረሻ ወረንጦው ላይ ደረሱ። ወደ ብርሃን አንስተው ጫፎቹን ገጠሙ። ክፍተት የለም።

"ይቺስ ተሠርታለች። የሠራት ሰው አንድ ቦታ ላይ አምላኩ ትዝ ብሎታል" አሉ።

የተሰነጠቀውን እጀታ አውልቀው በወይራ ቀየሩት። ሲስሉት ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። እጃቸው አይቸኩልም፣ አይሳሳትም። ከብረቱ ጋር የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ሲጨርሱ ክንዳቸው ላይ አሳረፉት፤ ፀጉሩ በራሱ ወደቀ።

"ስንት ልስጥ?" ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳት ማናፈሻቸውን፣ ወናፉን አሳዩኝ፤ ቆዳው ተቀዶ በላስቲክ ተጣፍፏል። "የበዓሉን ፍየል ቆዳ ብትሰጡኝ ይበቃኛል" አሉ።

እኔም አወቅኩ አልኩና "አባቴ፣ የአረፋ እርድ ቆዳ ለዋጋ አይሰጥም፤ ስጦታ ግን ይሆናል። ሰጪው ደግሞ ባለ እርዱ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያ ባልሽ ይስጠኝ" አሉ እየሳቁ። "ግን ሐፍተይ፣ ለወናፍ የሚሆነው ሆዱ ሳይሰነጠቅ እንደ ስልቻ ሙሉውን የተገፈፈ ነው። ቀድመሽ ንገሪው። ለምን እንደሆነም ንገሪው።"

ለምን እንደሆነም። እዚህ ላይ ነው ጭንቁ።

ሐሙስ

የበዓሉን ዋዜማ ፆሜያለሁ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ግን ልጻፍ።

ሰይድ አምስት ፍየል ይዞ ገባ። አንዱ ጥቁር ነው፣ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ፤ ለእኛ ያስቀረው እሱን ነው። ሰይድ ግን ያነክሳል። በረሃው ላይ እሾህ ተረከዙ ውስጥ ተሰብሮበት ሦስት ቀን ይዞት ዞሯል። መርፌ ሞክሯል፣ ጥርስ ሞክሯል።

ባለ አስራ አንዷን አወጣሁ። ወረንጦውን ሳብኩ፣ ተረከዙን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ያዝኩ፣ ሳብኩ፣ ወጣ! የጥፍሬን ግማሽ የሚያህል እሾህ። ሰይድ "እፎይ!" ብሎ መሬት ላይ ተዘረረ። "ይቺን ከየት አመጣሻት? እንዴት ያለች ዕቃ ናት!"

ልነግረው አፌን ስከፍት እትዬ ራህመት ገባች። "ካራው ተስሎ መጣ?" አለች። አወጣሁት። ሰይድ ተቀብሎ አዲሱን እጀታ ዳበሰ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ራህመት፣ ታያለሽ? እኔ ዓመት ዓመት ስሳደብ፣ እሷ ዝም ብላ የአባቴን ካራ አሠርታ ጠበቀችኝ።"

እንደዚያ ያለ ፊት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ብቻ ነው ያየሁት። እውነቱን ዋጥኩት። ነገ እርዱ ሳይጀመር እነግረዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።

አርብ

አልነገርኩትም። ከሶላት ሲመለስ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተተ፣ እያንዳንዱን ጎረቤት "የባለቤቴን ሥራ እዩልኝ" እያለ ካራውን ሲያሳይ ነበር። የዘምዘም ባል ሳይቀር አደነቀኝ። እንዴት ይነገራል?

ካራውን ከፍየሉ ዓይን በጋቢው ሸሽጎ ቀረበ። ቢስሚላህ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ፍየሉ የታረደ መሆኑን ያወቀ አይመስለኝም። እኔ እዚያ ቆሜ የሦስት ሰው እጅ ነው የታየኝ፤ የመታው፣ የሳለው፣ የያዘው።

ከዚያ ሰይድ ፍየሉን ሰቀለና የካራውን ጫፍ ሆዱ ላይ አሳረፈ።

"ቆይ! አትሰንጥቀው!"

ጮኼያለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ዞረ። ሰይድ ካራውን አየር ላይ እንደያዘ "ምነው?" አለ።

ወጣ፣ ሁሉም ወጣ። ልዋጩ፣ ባለ አስራ አንዷ፣ ቲማቲሙ፣ ለእትዬ ራህመት የዋሸሁት፣ ሮቢት፣ ወናፉ። እንደ እሾሁ ነው የወጣው፣ አንዴ ከተያዘ በኋላ። ስጨርስ እትዬ ራህመት አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

ሰይድ ካራውን አየ፤ እኔን አየ።

"የአባቴን ካራ ለልዋጭ?"

"ራስህ እጥልሃለሁ ስትለው…"

"አንቺንም ስንቴ እፈታሻለሁ ብያለሁ!"

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ራህመት ናት። ከዚያ ዘምዘም። ከዚያ ግቢው ሁሉ። ሰይድ ግን አልሳቀም። ዞሮ ከፍየሉ የኋላ እግር ጀመረና ቆዳውን ቀስ እያለ፣ አንድ ቦታ ሳይበሳ፣ እንደ ስልቻ ሙሉውን ገፈፈው። እንደዚያ የሚያምር መግፈፍ አይቼ አላውቅም። ጨው ነሰነሰበት፣ ጠቀለለው፣ ትከሻው ላይ አደረገው።

"ለአያ ኃይሉ እኔው ራሴ አደርሳለሁ። ሦስቱን ነጥብም ያሳዩኝ" አለ። ነጥቦቹን እሱም አያውቃቸውም ነበር!

በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። እጁን ዘረጋ። "ያቺን ባለ አንድሽን አምጪያት። መንገዱ እሾህ አለው።"

ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ጎረቤት እንዲሰማ፦ "ራህመት፣ እስክመለስ እዚህ ቁጭ በይ። ልዋጩ ከመጣ በሩን እንዳትከፍቺለት፤ ቤት ውስጥ የቀረ አሮጌ እኔ ብቻ ነኝ።"

እትዬ ራህመት ይኸው በሩ ላይ ተቀምጣለች። በእኔ በኩል ወላሂ አልለውጠውም፤ ልዋጩ ባለ ሃያ ቢያመጣም።