የጉደሩ ቃለ መጠይቅ

ሚስጡ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው። መጀመሪያ ግን ቁጭ በይ።

የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ወደ አንቺ ይሮጣል። አንቺም ስልኩን ገልመጥ አድርገሽ «ይሄ ሌባ ነው፤ ይሄ እውነተኛ ነው፣ ተመዝገቡ» ትያለሽ። ዘርትሁን ይኸው ባንቺ ምክር ነርስ ልትሆን ነው። የራስሽ ሲሆን ግን «እኔ አንዴ ተሸውጃለሁ፣ ይበቃኛል» ብለሽ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ፎርም ትሞያለሽ።

ኧረ አቦ፣ ደከመኝ!

ስለዚህ ባለፈው ወር የጉደሩን የላብራቶሪ ሥልጠና በስምሽ ሞላሁት። ዲፕሎማሽን ከፍራሽሽ ሥር የወሰድኩት እኔ ነኝ። አይጥ በላው ስልሽ ማመንሽ ግን ያንቺ ጥፋት ነው።

ስለዚያ ውሸቴ...
በቃ፣ ታውቂዋለሽ።

እንዳስተማርሽን የቴሌግራም ማስታወቂያውን ብቻ አላመንኩም። ቢሮው ድረስ ሄጄ ኃላፊዋን አዴ ኡርጌን «ክፍያ አለው?» አልኳቸው። «የምን ክፍያ? ምግብና መኝታውንም የምንችለው እኛ ነን» አሉኝ።

ትናንት ደወሉ። ፎርሙ ላይ ያለው ስልክ የኔ ስለሆነ ድምፄን አቅጥኜ አንቺን ሆንኩ። ቃለ መጠይቁ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። ፊት ለፊት ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ።

ሰማያዊ ሸሚዜን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ዲፕሎማሽ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ እንጭኒ ለሥራ ሄጃለሁ፣ ነገ እመጣለሁ።

ተናደጂብኝ፣ መብትሽ ነው። ግን ጉደር የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሆነሽ ተናደጂ።

ለንሳ