የብርቄ ጊደር ደም

ጥቅምት 5፣ ከት/ቤት መልስ
የባዮሎጂ ፈተና። ግማሹን ባዶ ተውኩት። ዝናብ። ለሻሼ ሣር አጨድኩ። ሻሼ የእህቴ የብርቄ ጊደር ናት። ብርቄን ወባ ከወሰዳት ሦስት ሳምንት። ቤት ውስጥ ሁሉም በቋንቋችን በካፊኖኖ ያለቅሳል፤ ደብተሬ፣ አንተ ጋ ስመጣ አማርኛው ትንሽ ያበርደኛል።

አጎቴ መጥቶ ነበር። ለአርባዋ ሻሼ ትታረድ አለ። ስንቴ ተዳቅላ እምቢ ያለች መሃን ናት ብሎ። እማዬ ቀና ብላም አላየችው። አባባ ርጉዝ ከሆነች አትታረድም አለ። ካልሆነች... አልጨረሰውም። ነሐሴ መጨረሻ ስትዳቀል ገመዷን የያዘችው ብርቄ ነበረች።

ጥቅምት 7
የእንስሳት ሐኪሙን ጋሽ ታደሰን ሻሼን እንዲያይልኝ ለመንኩት። በእጅ ዳብሶ ለመለየት ገና ነው አለ። ቦንጋ ውስጥ ግን የደም ምርመራ እየተሞከረ ነው። ፅንስ ካለ እንግዴ ልጁ አንድ ፕሮቲን ወደ እናቲቱ ደም ይለቃል። እሱን ነው የሚፈልጉት።

ከጭራዋ ሥር ደም ቀዳ። ረገጠችው። «ቀስ በይ እመቤት፣ ለትዳር አልጠየቅሁሽም!» አለ። ሳቅሁ። ከዚያ መሳቄ አናደደኝ።

ጥቅምት 12
ተገኘ! ፕሮቲኑ ደሟ ውስጥ አለ! ከከተማ እስከ ቤት ሮጥኩ። እማዬ ሳትለመን በላች። አጎቴ «ደምም ማውራት ጀመረ?» ብሎ አሾፈ። አባባ ግን በሻሼ ምትክ የሚታረድ በሬ እንዲፈለግ ወደ ሺሺንዳ ገበያ ላከ።

ጥቅምት 19
ሻሼ ከጠዋት ጀምሮ ትጮኻለች። የጎረቤት ላም ላይ ትወጣለች። ኮርማ ፈልጋለች። ርጉዝ እንዲህ አታደርግም።

ጋሽ ታደሰ ጋ ሄድኩ። ፅንሱ ሞቷል አለኝ። ምናልባት ደሙን ስንቀዳም ሞቶ ነበር። ፅንሱ ቢጠፋም ፕሮቲኑ ከደሟ ቶሎ አይወጣም።

የብርቄ ጫማ አሁንም በር ሥር ነው። ማንም አያነሳውም።

እማዬ ላልተወለደው ጥጃ ስም እየመረጠች ነው። ብናገር ሻሼን ያርዷታል። ዝም ብል እማዬ በከንቱ ትጠብቃለች። ምን ላድርግ?

ጥቅምት 21
ለአባባ ነገርኩት። በረት ውስጥ፣ ፍግ እየዛቅን። አካፋውን አቆመ። እሱም በዚያው ቀን ኮርማ ስትፈልግ አይቷት ነበር! ለማንም አልተናገረም። በሬው ነገ ይገባል፣ ሻሼን ማንም አይነካትም አለ። ለእናትህ ግን አርባው ይለፍ፤ ከዚያ አጎትህ ይነግራታል አለኝ።

እምቢ አልኩ። አባባን እምቢ ብዬ አላውቅም። የብርቄን ሞት የነገራት አጎቴ ነው። በር ላይ ቆሞ፣ ጃንጥላውን እንኳ ሳያጥፍ።

ይሄን እኔ እነግራታለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ።